የማን ልጅ ነህ

አማቷ እየሳቁ ነበር። ፀደይ ሁለቱን የውሃ ጄሪካኖች የግቢው በር ላይ አስቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነው የሰማችው፤ መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት የመጣ ድምፅ መሰላት። ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነው። ቀበቶው ተቆርጦ የተቀጠለ ስለሆነ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ጧ ይላል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል፣ የሚያስታውሰው ቆሞ ዝም ሲል ብቻ ነው። ሳቁ ግን ከራሳቸው ቤት ነበር የሚመጣው፤ ዝቅ ያለ፣ በነጠላ ጫፍ የታፈነ፣ የኮረዳ ዓይነት ሳቅ። የባሏ የኣሉላ መርዶ ከመጣ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ የሳቀ ሰው የለም። ስትገባ አማቷ አደይ ለተገብርኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የፀደይን ስልክ በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ደግፈው ይዘዋል። ሲያዩዋት ሳቁ ትንሽ ፊታቸው ላይ ቆየና ጠፋ። «በል ወደይ፣ በል ልጄ፣ መጥታለች» አሉና ስልኩን ዘረጉላት። ፀደይ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ተዘግቷል።

«ማን ነው አደይ?»

«ስለ ካሜራው ነው» አሉ አማቷ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ኣሉላን ያውቀዋል።»

«እንዴት ያውቀዋል?»

«ወዲ መን ኢኻ፣ የማን ልጅ ነህ አልኩት። ሃፍታይ ይባላል፣ ከሓውዜን ነው። አባቱን አላወቅኳቸውም እንጂ አገሩን አውቀዋለሁ።» ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ተነስተው ጸጉራቸውን ሊያበጥሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ፀደይ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው ብላ አሰበች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥንና ሁለት ወንበር አለ፤ በጓዳው የፀደይ ፍራሽና በአንሶላ የተሸፈነ የስፌት መኪናዋ። ፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከእሱ ጎን የኣሉላ ትልቁ ፎቶ። ኣሉላ ዕድሜውን የሌላ ሰው ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ነው፤ ለራሱ በቲሸርት ከተነሳት አንዲት ጉርድ በቀር ደህና ፎቶ አልተገኘለትም ነበር። የለቅሶ ፎቶ የሚያትመው ልጅ ከዚያችው ጉርድ ላይ ፊቱን ቆርጦ ሰማያዊ ሱፍ አለበሰው፣ ቀይ ክራቫት አሰረለት፣ ከኋላው ደመና አደረገበት። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፀደይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፎቶውን ስታይ አንድ የማታውቀው የባንክ ሠራተኛ ቤቷ ገብቶ የተሰቀለ ይመስላት ነበር። ከደብረ ብርሃን ለቅሶ የመጡት ወንድሞቿ «እንሂድ» ሲሏት «አደይን ብቻቸውን ለማን ትቼ» ብላ ነው የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ስለ ውሃ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መብራት መጥፋት ያወራሉ። ስሙን ግን አይጠሩም። አንዳቸው ከጀመሩ ሌላዋ እንደምታለቅስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዝም ይባባላሉ፣ ዝምታውም እንደ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ቤቱን አጣቦታል።

ካሜራውን ለመሸጥ የወሰነችው ለሱቅ ነው። በሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አቶ ገብረሃንስ የሚባሉ ሰው አንዲት ጠባብ ሱቅ ያከራያሉ፤ የስፌት መኪናዋንና አንድ መስታወት ትይዛለች። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋሉ። «እስከ ዛሬ ማታ እጠብቅሻለሁ ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ፣ ለእሱ ነው የማከራየው» ብለዋታል። ለቅድሚያ ክፍያው ብላ ገና በሳምንቱ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ካሜራውን ከነሌንሱ ከነቻርጀሩ ደርድራ ፎቶ አነሳችና «የባለቤቴ ነበር፣ በጥንቃቄ የተያዘ፣ ሰማንያ አምስት ሺህ» ብላ በቴሌግራም የመቐለ መሸጫ ግሩፖች ላይ ለቀቀችው። ብዙ ሰው ጻፈላት። አንዱ ሠላሳ ሺህ አላት፣ አንዱ በላፕቶፕ እንቀያየር አላት፣ አንዱ ካሜራውን ትቶ ስለ ራሷ ጠየቃት። ይሄኛው ብቻ «እሺ እህቴ» አለ። በሮማናት አደባባይ ካፌ ተቀጣጠሩ።

ስትወጣ አደይ ለተገብርኤል ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ቁጭ ብለው ነበር። «ቶሎ አትመለሺም አይደል?» አሏት። ደግነት መሰላት።

ዮርዳኖስ ቀድማ ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማኪያቶ አዛለች። ሮማናት አካባቢ የሴት ጫማና ቦርሳ በቴሌግራም የምትሸጥ የኣሉላ የአክስት ልጅ ናት፤ ሁለት ጊዜ ተበልታለች፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም አታምንም። «እኔ ለአንድ ጥንድ ጫማ መታወቂያ፣ ለሁለት ጥንድ ዋስ ነው የምጠይቀው» ትላለች። ለፀደይ ማታውን በስልክ አስተምራታለች። ቤትሽን ማንም አይወቅ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ቅጠሪው። ዕቃውን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ መጀመሪያ ሰውየውን እንይ፣ ብሩ አካውንትሽ ውስጥ መግባቱን እንይ፣ ከዚያ አብረን ሄደን እናመጣለን። ስክሪንሹት ብር አይደለም፣ ሥዕል ነው። ፀደይ ሁሉንም እንደ ጸሎት አጥንታ ነው የመጣችው። ካሜራው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ጀርባ ነው።

«እስቲ አሳዪኝ ይሄን ሰውሽን» አለች ዮርዳኖስ። ስልኩን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። «አካውንቱ የተከፈተው በዚህ ወር። ከእኛ ጋር የጋራ ግሩፕ የለውም። ፎቶው ቅዱስ ሚካኤል። ለመሆኑ ቅዱስ ሚካኤል ካሜራ ምን ያደርግለታል?»

ፀደይ ሳቀች። «አደይ አናግረውታል። ኣሉላን ያውቀዋል አሉ።»

«የመቐለ ግማሹ ያውቀዋል፣ ግማሹን እሱ አይደል የዳረው!» ዮርዳኖስ መልእክቶቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አነበበች። «ስንት ብሎ ጀመረ?»

«አልጀመረም። እሺ እህቴ አለ።»

«አልተከራከረም?»

«አልተከራከረም።»

ዮርዳኖስ ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በዚህ ከተማ አንድ ኪሎ ቲማቲም ሳይከራከር የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ማስታወቂያውን ከፍታ አየችው። «‹የባለቤቴ ነበር› ብለሽ ጻፍሽ? ፀዲዬ! ነበር ካልሽ ወንድ የሌለበት ቤት ነው አልሽ እኮ።» ፀደይ ያን ቃል የጻፈችው ካሜራው እንዴት ተይዞ እንደኖረ ለማስረዳት ብላ ነበር።

ጠበቁት። ታክሲዎች አደባባዩን ይዞራሉ፣ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ከጎናቸው ሁለት ሰዎች ስለ ብሎኬት ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ወጣት በገባ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ። በመካከሉ መልእክት መጣ። መንገድ ላይ ነኝ ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ ብቻሽን ነሽ? ዮርዳኖስ ስልኩን ነጥቃ «ከወንድሞቼ ጋር ነኝ» ብላ ጻፈች። «በጣም ጥሩ» አለ ሰውየው። «ካሜራውን ይዘሽዋል?» ዮርዳኖስ ማኪያቶዋን ስታማስል ፀደይ ስልኩን መልሳ ወሰደችና የተማረችውን ከሒሳብ ቁጥሯ ጋር ጻፈች፦ ቤት ነው፣ ብሩ ሲገባ እናመጣልሃለን። መልሱ ወዲያው መጣ። «እሺ እህቴ። ጥንቃቄ ጥሩ ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ምንም ክፋት የለበትም። ፀደይ ግን ሁለቴ አነበበችው፤ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን በጣቱ የነካት ያህል ተሰማት።

ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ማኪያቶው አለቀ፣ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን ጠረገች። ከዚያ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ መጣ፤ የፀደይ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሯ፣ ሰማንያ አምስት ሺህ፣ አረንጓዴ ምልክት። ፀደይ ፈጥና አካውንቷን ከፈተች፤ እዚያ ያለው ትናንት የነበረው ብቻ ነው። ዘግታ ከፈተች። ያው ነው። «ሥዕል» አለች ዮርዳኖስ። «ሥዕል ላከልሽ። ተነሺ እንሂድ፣ በቃ፣ ቢያንስ ዕቃሽ ቤትሽ ነው።» ፀደይ እፎይ አለች። ሱቁ እንደሚያመልጣት አሰበች፣ ቢሆንም እፎይ አለች። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«ሰላም እህቴ፣ ሃፍታይ ነኝ» አለ ድምፁ። የሚያምር፣ የተረጋጋ፣ ሰው የሚያከብር ድምፅ ነው። «በጣም ይቅርታ፣ ወንድሜን ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቼ ተያዝኩ። ብሩ ገባልሽ አይደል? ኔትወርክ ስለሆነ ትንሽ ይቆያል። እዚያው ጠብቂኝ፣ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ከኲሓ እስክደርስ ነው። ወንድሞችሽንም ሻይ በያቸው፣ ሒሳቡ የኔ ነው።»

ፀደይ ከድምፁ ጀርባ የሆነ ነገር እየሰማች ነበር። እንደ ዝናብ ያለ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ነው፤ በየመካከሉ አንድ ነገር ጧ ይላል። ጧ። ዝም። ጧ። ለዓመታት ይህን ወፍጮ እየሰማች ነው የተኛችው፣ የነቃችው፣ ያለቀሰችው።

«እህቴ? ትሰሚኛለሽ?» አለ።

ባጃጅ ይዘው ወደ ቤት ከነፉ። ዮርዳኖስ ሹፌሩን «ንዳው ወንድሜ፣ ንዳው» ትለዋለች፤ ፀደይ ደግሞ ወደ አማቷ መደወል አማራት፣ አደይ ለተገብርኤል ስልክ እንደሌላቸው አስታወሰች። የሚያውቁት ስልክ እጇ ላይ ያለው ይኸው ነው። በየመታጠፊያው ስለ ካሜራው ማሰብ ፈለገች፤ የሚመጣባት ግን ያ ንጹሕ ነጠላ ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ወፍጮው አሁንም ይሠራል። ሮጣ ገባች።

አደይ ለተገብርኤል በደህና ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ፎቶው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ የተቆረሰ ሕምባሻ፣ የታጠፈ የእጅ ፎጣ አለ። ቁምሳጥኑ ተዘግቷል፣ ቁልፉም ላዩ ላይ ነው። ፀደይ ከፈተችው። የካሜራው ቦርሳ የነበረበት ቦታ ላይ የቦርሳው ቅርፅ በአቧራ ተስሎ ቀርቷል።

«ለቅሶ ሊደርስ ነው የመጣው» አሉ አማቷ፣ ሳይጠየቁ። «አልሰማሁም ነበር አለ። ጠዋት በስልክ ሲሰማ አለቀሰ። እሷ ሳታየኝ መጥቼ እናቱን ላጽናና፣ ያሳፍረኛል፣ አይንገሯት አለኝ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከበር ማን ይመልሰዋል ጓለይ፣ ልጄ? መታወቂያ አሳየኝ ይባላል?»

«ማን ነው ስሙን ቀድሞ የጠራው አደይ? ጠዋት፣ በስልክ።»

አሰቡ። «የማን ካሜራ ነው አለኝ። የልጄ የኣሉላ ነው አልኩት። ኣሉላ ሞተ እንዴ ብሎ ጮኸ።»

«ቤቱንስ?»

«ወፍጮ ቤቱ ጎን ነው አልኩት።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ካሜራውን በእጄ ልዳስሰው አለኝ። ብሩን ልኬላታለሁ ብሎ ስልኩን አሳየኝ፣ አረንጓዴ ነገር አለው።» ዮርዳኖስ ግድግዳው ላይ ተደግፋ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የተቀበላቸው ሰው ትሑትና የደከመው ነበር። በሩን ሰብሮ ነው የገባው? አይደለም። በጉልበት ነው የወሰደው? አይደለም። ማን ከፈተለት? አማቷ። ማን ሰጠው? እሳቸው። ሻይ ጠጥቷል? ፀደይ ይሄን ለምን እንደሚጠይቅ አልገባትም፣ ቢሆንም ጠጥቷል አለች። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እንዲህ ያለውን እንግዳ ነው የምንለው እንጂ ሌባ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የስልክ ቁጥሩን መዘገበ። ቁጥሩ ከቀትር ጀምሮ ዝግ ነው። አካውንቱም የለም፤ ቅዱስ ሚካኤል በነበረበት ቦታ ላይ «የተሰረዘ አካውንት» የሚል ብቻ ቀርቷል። ሲወጡ አቶ ገብረሃንስ ደወሉ። ፀደይ ጥሪው እስኪያልቅ ስልኩን እያየች ቆመች። ዮርዳኖስ ልታበድራት ፈለገች፤ ያላትም የሌላትም ቢደመር ግማሹን አይሞላም፣ ሁለቱም ያንን ስለሚያውቁ ብዙ አልተነጋገሩበትም። ወደ ቤት ስትመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ጓጉንቸር ገዛች። ሁለት ቁልፍ በአንድ ቀለበት ታስሮበታል። ሻጩ ሁለት መቶ ብር ቀነሰላት፣ ተከራክራው ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወፍጮው ቆመ፣ ጸጥታውም ቤቱን ሞላው። ብርጭቆዎቹን ማንም አላነሳቸውም ነበር። ፀደይ ልታነሳቸው ስትጎነበስ አማቷ ከአልጋው ጫፍ ሆነው ተናገሩ፤ ለእሷ ይሁን ለፎቶው አይታወቅም።

«ያን ሱፉን አስታውሰዋለሁ አለኝ። ሮማናት ላይ ያንን ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ሲያልፍ እኮ ሁላችንም ዞረን ነበር የምናየው አለኝ።»

ፀደይ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀና አለች። «ኣሉላ ሱፍ ኖሮት አያውቅም።» ስሙን ከጠራች በኋላ ነው መጥራቷን ያወቀችው።

«አላውቅም ብለሽ ነው? ለሠርጋችሁም የተዋሰው ኮት እጁ አጥሮት ነበር።»

«እና ሲልዎት አወቁ? የዚያን ጊዜ፣ እዚህ ተቀምጦ ሲልዎት?»

«አወቅኩ።»

«ካሜራውን ሰጥተውት ነበር?»

«ገና አልሰጠሁትም።»

ፀደይ ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠች። ሱቁ፣ መስታወቱ፣ ወደ ውቅሮ የሚወጣው መንገድ፣ ሁሉም ከቁጣው ጋር መጣባት። «ታዲያ ለምን ሰጡት አደይ?»

አደይ ለተገብርኤል የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይቆጥሩ ይመስል አንድ በአንድ ዳሰሱት። «እምቢ ብዬው ቢሆን ይሄድ ነበር» አሉ።  «ገና እያወራ ነበር። ልጄ በአንድ ሠርግ ላይ ፎቶ እያነሳ ወደ ኋላ ሲሄድ ድስቱ ውስጥ እንደገባ፣ እሱን እያወራልኝ ነበር።»

«ያንን እርስዎ ነዎት ጠዋት የነገሩት።»

«እኔ ነኝ። እሱ ግን ጥሩ አድርጎ መለሰልኝ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ፀደይ አቶ ገብረሃንስ መስለዋት ነበር። አዲስ አካውንት ነው፣ ፎቶ የለውም፣ በዚህ ወር የተከፈተ። «ሰላም እህቴ» ይላል። «የስፌት መኪናውስ ይሸጣል?»

የስፌት መኪናዋን ለማንም አሳይታ አታውቅም። ዞራ ወደ ጓዳው አየች፤ አንሶላው እንደነበረ ነው፣ አንዱ ጫፉ ብቻ ተገልቦ በመኪናው ላይ ተኝቷል። «ጓዳ ገብቶ ነበር?» አለች በዝግታ።

«እጁን ሊታጠብ» አሉ አማቷ። አንገታቸውን ወደ ስልኩ ዘለግ አደረጉ። «እሱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ስለ ኣሉላ ይላል?»

«አይልም። ስለ ስፌት መኪናው ነው።»

በአሮጊቷ ፊት ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም። ደጅ የወጣ እንግዳ ዘወር ብሎ ሳያይ ሲሄድ የሚሰማ ዓይነት ቅሬታ ነበር፤ መጣና እሱም አለፈ። «ሰው አጠገቡ ይሆናል» አሉ። «እሁድ እመጣለሁ ብሎኛል። ሲመጣ ያወራል።»

ፀደይ ወጥታ የግቢውን በር ከውስጥ በጓጉንቸሩ ቆለፈችው። መሽቶ የሚገባ ጎረቤት በማዶ አለፈ፣ ቆሞ ያዳመጠ መሰላት፣ ከዚያ እርምጃው ራቀ። ስትመለስ አደይ ለተገብርኤል እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቋት። የቤቱ ቁልፍ ሁልጊዜ ሁለት ነው፣ አንዱ የእሳቸው ነው፤ ኣሉላ ካገባት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበር። ፀደይ ቀለበቱን አልፈታችውም። ሁለቱንም ቁልፍ በሸሚዟ ውስጥ አስገባችና ብርጭቆዎቹን ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች። የተዘረጋው እጅ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ተሰብስቦ ነጠላው ውስጥ ገባ።